የልብ ወለዴ የመጀመሪያ ገጽ አንባቢ አልይዝ አለኝ፤ እስቲ እዩልኝ

የጦሳ ልጅ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ የሚያጠነጥን ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ ስለ አንዲት የዕቁብ ሰብሳቢ ሴት ነው። ረቂቁ ግማሽ ላይ ደርሷል። ችግሬ የመጀመሪያው ገጽ ነው። ለጓደኞቼ ስሰጣቸው "ቆንጆ ነው" ይሉኛል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የደረሰ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። መጽሐፍ የሚሸጥ የማውቀው ልጅም አንድ ገጽ አነበበና "አጻጻፍሽ ጥሩ ነው፤ ግን ምን ሊሆን ነው?" ብሎ መለሰልኝ። ያቺ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

አጀማመሩ ይኸውላችሁ። ይሉኝታ ሳይዛችሁ ንገሩኝ።

"ጎህ ቀዷል። ጦሳን እንደ ነጭ ጋቢ የሸፈነው ጉም ቀስ በቀስ እየተገፈፈ ነበር። ወፎች ይንጫጩ ነበር። ከወደ መድኃኔ ዓለም የቅዳሴ ዜማ፣ ከወዲያ ማዶ ደግሞ አዛን ይሰማ ነበር። ወይዘሮ አለሚቱ ገና ከእንቅልፏ አልነቃችም ነበር። አለሚቱ የተወለደችው ኩታበር ነው። አባቷ ታታሪ ገበሬ፣ እናቷ ደግሞ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። አራተኛ ክፍል ስትደርስ ወደ ደሴ መጥታ አክስቷ ዘንድ መኖር ጀመረች። አክስቷ በርበሬ ትነግድ ነበር። ሕይወት ውጣ ውረድ የበዛባት ናት። አለሚቱም ይህን ገና በልጅነቷ ነው የተረዳችው።"

ከዚህ በኋላ ትዳሯ፣ የባሏ ሞት፣ ሱቅ የከፈተችበት ሁኔታ ይመጣል። ዕቁቡ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ይጀምራል። እዚያ ቀን ላይ አለሚቱ ዕጣ ውስጥ በሚገቡት ወረቀቶች ሁሉ ላይ የአንድ ሰው ስም ጽፋ ታጣጥፋቸዋለች። ታሪኩ የሚፈነዳው ያኔ ነው። ጥያቄዬ፦ አንባቢውን እዚያ እስኪደርስ እንዴት ላቆየው?

ብራና

የጦሳ ልጅ፣ ለምን ታቆይዋለሽ? ለምን እዚያው አትጀምሪለትም?

አርታኢ ነኝ። ከሚደርሱኝ ረቂቆች ብዙዎቹ በንጋት ነው የሚጀምሩት። ጎህ ይቀዳል፤ ወፍ ይንጫጫል፤ ባለታሪኩ ከአልጋው ይወርዳል፤ መስታወት ፊት ቆሞ መልኩን ይነግረናል። ንጋት በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ይህ ንጋት ግን የአለሚቱ አይደለም። ያ ጉም ለደሴ ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚገፈፈው። እሷ ደግሞ ተኝታለች። ባለታሪክሽ ተኝታ እያለ እኔን ምን አንቅቶኝ ልጠብቃት?

ሌላው "ነበር" ነው። በዚህች አጭር አንቀጽ ውስጥ "ነበሩ"ን ጨምሮ ስድስት ጊዜ መጥቷል። እየተገፈፈ ነበር፤ ይንጫጩ ነበር፤ ይሰማ ነበር። ሁሉም በመሆን ላይ ነው፤ ሆኖ ያለቀ ነገር የለም። አንባቢው አንድ ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ ማየት ይፈልጋል።

"ሕይወት ውጣ ውረድ የበዛባት ናት" የምትለዋን ዛሬውኑ አውጪያት። ማንም ሰው፣ በማንኛውም መጽሐፍ፣ በማንኛውም ገጽ ላይ ሊጽፋት ይችላል።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ ያለችው ሴት ግን ሌላ ናት። በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ስም! የማን? ለምን? ብትያዝስ? ዕቁብተኛው ቢደርስባት በምን ዓይኗ ጎረቤት ታያለች? ይህን ሁሉ ጥያቄ በአንድ መስመር ነው ያስጠየቅሽኝ። ኩታበርንም፣ አክስቷንም፣ ባሏንም አትጣያቸው። አንባቢው "ይቺ ሴት ማን ናት?" ብሎ ሲጠይቅ ስጪው። ሳይጠይቅ የተሰጠውን ይረሳዋል።

መደርደሪያ

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ መጽሐፍ እሸጣለሁ። ሰው መጽሐፍ እንዴት እንደሚገዛ ግን ቀኑን ሙሉ ነው የማየው።

መጀመሪያ ሽፋኑን ያያል። ገልብጦ የጀርባውን ጽሑፍ ያነባል። ቀጥሎ ይከፍተዋል። የአማርኛ መጽሐፍ ሲከፈት ምን ይመጣል? የባለመብትነት ማስታወቂያ፣ መታሰቢያነቱ፣ ሁለት ሦስት ገጽ ምስጋና፣ የታወቁ ሰዎች አስተያየት፣ መቅድም፣ መግቢያ። ሰውየው ቆሞ ነው የሚያነበው። አንድ እጁ ላይ ዕቃ ይዟል። ከኋላው ሰው ይገፋዋል። በአውራ ጣቱ ገጾቹን እያሳለፈ ምዕራፍ አንድን ይፈልጋል። ካገኘው አምስት ስድስት መስመር ያነባል። ከዚያ ወይ ዋጋ ይጠይቃል፣ ወይ "እመለሳለሁ" ብሎ ያስቀምጠዋል። "እመለሳለሁ" ያለ ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

ቆሞ ሁለተኛውን ገጽ የገለጠ ሰው ካየሁ ግን አልጨነቅም። እሱ ይገዛል።

ስለዚህ ምስጋናሽን መጨረሻ ላይ አድርጊው። ያመሰገንሻቸው ሰዎች የትም ብታስቀምጪው ፈልገው ያገኙታል። መቅድም የግድ ካስፈለገሽ ከአንድ ገጽ አትለፊ። ያ አምስት ስድስት መስመር ላይ ደግሞ ጉም አይቶ ኪሱ የሚገባ ሰው አላየሁም።

ዳሞት

እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። ጋሽ ብራና፣ እርስዎን ለመቃወም ሳይሆን የሚቆጨኝ ነገር ስላለ ነው።

አሁን ሁሉም ሰው "ቶሎ ያዘው፣ ቶሎ ያዘው" ይላል። በስልክ ላይ ቪዲዮ እያሳለፈ ለሚውል ሰው ተብሎ መጽሐፍ ሊቆረጥ ነው። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ እንዴት ነበር የጀመረው? በበዛብህና በሰብለ ወንጌል አይደለም። ማንኩሳ ላይ፣ በበዛብህ ወላጆች ነው የጀመረው። ሰብለ ወንጌልን ለማግኘት ስንት ገጽ ነው የምንሄደው? ማን ሰለቸው? እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ አያቴ ማንበብ የማይችሉ ሰው ነበሩ፤ ስናነብላቸው "ቀጥል" እንጂ "እለፈው" ብለው አያውቁም።

የጦሳ ልጅ፣ ጉምሽን አትጣይው። ደሴን የሚያውቅ ሰው ያንን ጉም ሲያነብ አገሩ ይገባል። ቦታ የሌለው ታሪክ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ብራና

ወንድሜ ዳሞት፣ ጥሩ ምሳሌ ነው ያነሳኸው። እስቲ ጠጋ ብለን እንየው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በወላጆቹ ጀመሩ፤ እውነት ነው። ግን ምን ዓይነት ወላጆች? ውድነሽ በጣሙ ያገባቻቸው ባሎች እየሞቱባት፣ አገር የሚፈራት ሴት ናት። ቦጋለ መብራቱ ደግሞ ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚኖር ድሃ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ይቀራረባሉ ወይ? ቢጋቡስ፣ እሱም እንደ ቀድሞዎቹ ይሞታል ወይ? ልጅ ሲወለድ ደግሞ እንዳይሞትባቸው ለእግዚአብሔር ይሳላሉ። ያ ስለት በዛብህን እስከ መጨረሻው ነው የሚከተለው። ፍቅር ሲይዘው እንኳ ያ ስለት አለ።

ያ አጀማመር ዝግ ያለ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። ከጥቂት ገጽ በኋላ እጅህ ላይ ጥያቄ አለ። እኔም ቶሎ ሩጪ አላልኳትም። ያልኳት አንባቢው የሚጠብቀው ነገር ይኑረው ነው። የእሷ የኩታበር ታሪክ ውስጥ ምን እጠብቃለሁ? አባት ታታሪ፣ እናት እንግዳ ተቀባይ። ሰላም ነው። ሰላም ከሆነ መጽሐፉን ብዘጋው ምን ይጎድልብኛል?

ጥይት

የወንጀል ታሪክ አፍቃሪ ነኝ፤ አንድ ሁለት አጫጭር ታሪኮችም ጽፌያለሁ። የእኔ ምክር አጭር ነው። በሬሳ ጀምሪ። አለሚቱ ሱቋ ውስጥ ሞታ ትገኝ። እጇ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ስም። ከዚያ "ከሦስት ወር በፊት" ብለሽ ወደ ኋላ ተመለሺ። ማንም አያስቀምጠውም።

የጦሳ ልጅ

ጥይት፣ አመሰግናለሁ፤ ግን በእኔ ታሪክ ውስጥ የሚገደል ሰው የለም። አለሚቱም አትሞትም። ታሪኩ ሰው ሲያምንሽ ኖሮ ያንን እምነት ለጥሩ ነገር ብለሽ ስትሰብሪው ምን ይመጣል የሚል ነው።

የአማርኛ መምህርት

እዚህ ላይ ልግባ። ሬሳው የማይሆነው ለዚያ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ውል ነው። በሬሳ ከጀመርሽ "ገዳዩን አሳይሻለሁ" ብለሽ ፈርመሻል። አንባቢው ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ገዳይ ሲፈልግ ኖሮ ስለ ዕቁብና ስለ እምነት ብታወሪው ይናደዳል፤ ቢናደድም እውነት አለው።

ይህ ውል ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ልጆች ሆነን "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" እንል ነበር። ተራኪው ሳንመልስለት አይቀጥልም። ያ መልስ "እሺ፣ እየሰማሁህ ነው" ማለት ነው። እንቆቅልሽም ያው ነው፤ "እንቆቅልህ" ሲባል "ምን አውቅልህ" ትያለሽ፤ መልሱን ካላወቅሽ አገር ትሰጫለሽ። ገና ሳይጀመር የሚያስከፍልሽ ነገር አለ። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎችም የመጀመሪያውን ገጽ በሐረግ አስጊጠው፣ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። መጀመሪያ ላይ መድከም የቆየ ልማዳችን ነው።

ዳሞት፣ ፈጣን አጀማመርም ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት "ልብ ወለድ ታሪክ"፣ "ጦቢያ" የምንለው፣ የሚጀምረው በጦርነት ነው። ሠራዊቱ ይሸነፋል፤ የጦር አለቃው ይማረካል፤ ቤተሰቡ ይበተናል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው እንግዲህ።

ጥይት

እሺ፣ ሬሳው ይቅር። ግን ከወንጀል ታሪክ የሚወሰድ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ያዥልኝ። ዘግይተሽ ግቢ። ነገሩ ሊፈነዳ ትንሽ ሲቀረው ድረሽ። የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" ውስጥ ጋዜጠኛው ፀጋዬ የት ተወለደ፣ የት ተማረ ተብሎ አይደለም የሚጀመረው። ሰውየው ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ ፊቱ ወደ አስመራ ነው። የተረፈውን እግረ መንገዳችንን ነው የምናውቀው። አንቺም ጋ ዕቁቡ የሚወጣበት ቀን አለልሽ። ከዚያ ቀን አንድ ሰዓት ቀድመሽ ግቢ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ይጠብቅ።

የጆሮ አንባቢ

ዓይነ ስውር ነኝ። መጻሕፍትን የማውቃቸው በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን "ፍቅር እስከ መቃብር" እስካሁን እየደጋገምኩ አዳምጠዋለሁ። ለዚህች እህታችን ከጆሮ በኩል ልመክራት።

ገጽሽን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ለራስሽ አይደለም፤ ለሌላ ሰው። የሚሰማሽ ሰው ወንበሩ ላይ ሲንቀሳቀስ ልብ በይ። ትንፋሽ ያጠረሽ ቦታ ላይ ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል። እኔ ያንቺን በስልኬ አንባቢ ሰማሁት። "ነበር፣ ነበር፣ ነበር" ሲል ቤት የሚመታ ግጥም መሰለኝና ትርጉሙን መከተል ተውኩ።

አንድ ደግሞ ላክል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰሚው እሱን እየጠበቀ ነው የሚሄደው። ይህ ለጸሐፊ ሀብት ነው። የሚያስደነግጠውን ነገር ወደ መጨረሻ ግፊው። "አለሚቱ አንድ ስም በሁሉም ወረቀቶች ላይ ጻፈች" ብትይ ነገሩ መሀል ላይ ያልቃል። "አለሚቱ በሁሉም ወረቀት ላይ የጻፈችው አንድ ስም ነው" ብትይ ግን እስከ መጨረሻው ያዝሽኝ። ቃላቱ ከሞላ ጎደል ያው ናቸው፤ በዋናነት ተራቸው ነው የተለወጠው።

ግን በተቃራኒው እንዳይሆንብሽ። ባለቤቱን መጀመሪያ ላይ ጠቅሰሽ ግሡን ከአራት መስመር በኋላ ብታመጪው ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋብኛል። ዓይን ተመልሶ ያያል፤ ጆሮ አይመለስም።

ከቤሩት

ሰላም እህቴ። ቤሩት ሰው ቤት ነው የምሠራው። የማነበው ሌሊት ነው፤ ሁሉም ሰው ሲተኛ፣ ስልኬ ላይ። ደክሞኝ ነው የምከፍተው። መጽሐፉ ካልያዘኝ ስልኩ ፊቴ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እኔን ማቆየት ከባድ ነው።

ምን እንደሚያቆየኝ ልንገርሽ። ሰው ሲናገር። ሁለት ሰዎች ካወሩና አንዱ የሚደብቀው ነገር ካለ አልተኛም። የተራራው ነገር ያምራል፤ አገሬን ያስናፍቀኛል፤ ግን ናፍቆቱ ራሱ ያስተኛኛል።

ደግሞ ዕቁብን አታብራሪ። አንዳንድ ጸሐፊ "ዕቁብ ማለት ሰዎች ገንዘብ የሚያዋጡበት ባህላዊ ተቋም ነው" ብሎ ይጀምራል። እኛ እኮ እናውቀዋለን። የምናውቀውን ስታብራሪልን ለእኛ እንዳልጻፍሽው ይሰማናል። ይልቅ የማላውቀውን ንገሪኝ። አለሚቱ ወረቀቱን እንዴት ነው የምታጥፈው? ምን ውስጥ ነው የምትጨምረው? ስሙ የተጻፈለት ሰውዬ ያውቃል ወይስ አያውቅም? ዋሱ ማን ነው? ቀድሞ የበላ ሰው ቢጠፋ ዋሱ ነው የሚከፍለው፤ ዋሱ እሷ ራሷ ከሆነች አበቃላት። እኔ ያንን ለማወቅ እንቅልፌን እሰጣለሁ።

የጦሳ ልጅ

ከቤሩት፣ ዋሱን አላሰብኩትም ነበር። እሷ ትሆናለች። ተወስኗል።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ስሙን መጀመሪያ ላይ ልንገር ወይስ ልደብቀው? "አንድ ስም ጻፈች" ብዬ ስሙን እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ብይዘው ጉጉቱ አይጨምርም?

ብራና

አትደብቂው። የምናየው በእሷ ዓይን ነው። እሷ ስሙን ታውቀዋለች፤ አሁን በእጇ ጽፋዋለች። እሷ የምታውቀውን እኛን ብትከለክይን ደራሲዋ በመሀል ገብታ ዓይናችንን እንደሸፈነችው እናውቃለን። እሱ አያጓጓም፤ ያናድዳል። ስሙን ስጪን። ያኔ "ማን ነው" የሚለው ትንሹ ጥያቄ ይቀርና "ለምን እሱ" የሚለው ትልቁ ይመጣል። "ለምን"ን ለመመለስ መጽሐፉ ሙሉ አለሽ።

የአማርኛ መምህርት

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ዓይኔን ወግቶኛል። "ወይዘሮ አለሚቱ ገና ከእንቅልፏ አልነቃችም" ብለሻል። "ወይዘሮ" ካልሽ "አልነቁም" ነው የሚከተለው። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንባቢውን የት እንደምታስቀምጪው እየወሰንሽ ነው። "ወይዘሮ አለሚቱ ጻፉ" ካልሽ እንግዳ ሆነን በሩ ላይ ቆመን እናያቸዋለን። "አለሚቱ ጻፈች" ካልሽ አጠገቧ ነን። የምትደብቀውን ነገር ልታሳዪን ከሆነ አጠገቧ አድርጊን። "ወይዘሮ"ን ለሌሎቹ ሰዎች ተይላቸው፤ ሲጠሯት ይጠቀሙበት።

ንግግር ስታስገቢም ይህንኑ አስቢ። በእኛ ቋንቋ ሁለት ሰዎች ሁለት ቃል ሲለዋወጡ ዕድሜያቸውን፣ ዝምድናቸውን፣ ቂማቸውን እናውቃለን። "እርስዎ" ሲላት የኖረ ሰው ድንገት "አንቺ" ቢላት ምንም ሳታብራሪ አንድ ነገር እንደተሰበረ ይገባናል።

ስለ አጻጻፍ መጽሐፍ ለሚፈልግ ደግሞ የዳኛቸው ወርቁ "የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ" በአማርኛ ከተጻፉት ውስጥ እስካሁን የማስተምርበት ነው። ካገኘሽው ግዢው።

መደርደሪያ

አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡት ጋ ጠይቂ፤ አንዳንዴ ይገኛል።

የጦሳ ልጅ

እንደገና ጻፍኩት። ሁላችሁንም ሰምቼ ነው። ይኸው፦

"አለሚቱ በአሥራ ስምንቱም ወረቀት ላይ የጻፈችው አንድ ስም ነው። ሰይድ ይማም።

ወረቀቶቹን እኩል አድርጋ አጠፈቻቸው። አንዱ ከሌላው በጣት ይለያል ብላ ፈራች። ሁሉንም ፈታ እንደገና አጠፈች። ጣሳው ውስጥ ጨምራ ክዳኑን ገጠመች።

በመስኮት አየች። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሰው ቢመጣ ኮቴው ይሰማል እንጂ መልኩ አይታይም።

'ቤቶች!'

የዕቁቡ ጸሐፊ ነው። ከሰዓቱ በፊት መጥቶ አያውቅም።

'ግባ። ምነው በደኅና?'

'ደብተሩን አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው፣ እትዬ አለሚቱ።' ዓይኑ ጣሳው ላይ አረፈ። 'ዕጣውን ጻፉት እንዴ?'

'አዎ። እንዳታመሽ ብዬ ነው።'

'ሁልጊዜ የምጽፈው እኔ አይደለሁ?'"

ከቤሩት

ወይኔ! ቀጥይ በናትሽ።

ዳሞት

ጉሙ አለ። ደስ ብሎኛል። አሁን ሥራም ይዟል፤ ማን እንደሚመጣ አያሳያትም። መጀመሪያ ላይ ስከራከር የፈለግኩት እንዲህ ያለውን ነው፤ ቦታው እንዳይጠፋ። አሁንም ግን በአንድ ነገር አልተለወጥኩም። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ሰፊ የደሴ አንቀጽ ስጪን። አንባቢው አሁን ይታገሥሻል።

ብራና

ትክክል ነው ዳሞት፤ አሁን ትችላለች።

የጦሳ ልጅ፣ ጥቂት ብዕር ላስነካው። "አንዱ ከሌላው በጣት ይለያል ብላ ፈራች" የሚለውን አውጪው። "ሁሉንም ፈታ እንደገና አጠፈች" ብቻ በቂ ነው። አጥፎ ፈቶ እንደገና የሚያጥፍ ሰው እንደፈራ ማንም ያውቃል። "ፈራች" ስትዪኝ ሥራዬን ቀማሽኝ፤ እኔ ነኝ ማወቅ ያለብኝ።

"ጣሳው" ላይ ጥቂት ቆዪ። የምን ጣሳ ነው? የወተት ዱቄት? የቡና? ሁልጊዜ ዕጣ የሚወጣበት ከሆነ ክዳኑ የተጣመመ ወይም ቀለሙ የለቀቀ ይሆናል። ዕቁብተኛው ሁሉ የሚያውቀው ጣሳ ይሁን። ሰዎቹ ለዓመታት እጃቸውን የሚያስገቡበትን ዕቃ ነው እያጭበረበረችበት ያለችው።

"እንዳታመሽ ብዬ ነው" ግሩም ነው። ውሸቷ ውስጥ እንኳ ለእሱ አስባለታለች። ስለ ጠባይዋ ከኩታበሩ አንቀጽ ሁሉ በላይ ነገረኝ።

የጆሮ አንባቢ

ሰማሁት። "ሰይድ ይማም" ብቻውን ሲቆም ጥሩ ነው፤ ጆሮ ላይ ይቀራል። "እትዬ አለሚቱ" የምትለዋ ግን ዘግይታ መጣች። ጸሐፊው ገና ከበር "እትዬ አለሚቱ፣ ቤቶች!" ቢል ለሚሰማ ሰው ዕድሜው ቶሎ ይገባዋል።

ጥይት

ያለ ሬሳ ልቤን አቆምሽው። አንድ ሐሳብ፦ ጸሐፊው ደብተሩን ለምን ማየት እንደፈለገ በዚህ ምዕራፍ አትንገሪን። እሱም የራሱ ምስጢር ይኑረው።

መደርደሪያ

እኔ የማውቀው ሰው ቆሞ ሲያነብ ነው። ቆሜ አነበብኩት። ደንበኛ እየጠራኝ ነው የጨረስኩት። የጀርባ ሽፋኑ ላይ ታሪኩን ዘርግፈሽ እንዳታበላሺው ብቻ። ብዙ መጽሐፍ በጀርባው ነው ራሱን የሚሸጠው፤ ብዙውም እዚያው ላይ ያልቃል። "አለሚቱ ጎረቤቷን ለመርዳት ብላ ዕጣ ታጭበረብራለች" ተብሎ ከተጻፈ "ለምን" የሚለው ሄደ ማለት ነው።

የጦሳ ልጅ

ጋሽ ብራና፣ ጣሳው የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ልጇ ሕፃን ሳለች የገዛችው። አሁን እንደጠየቁኝ ነው ያወቅኩት። መደርደሪያ፣ የጀርባውን ጽሑፍ ሳዘጋጅ መጀመሪያ ላንተ ነው የማሳይህ።

ከቤሩት

እህቴ፣ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። እኛም እዚህ በእሑድ ዕረፍታችን ዕቁብ እንጥላለን። ዕጣ ከወጣ በኋላ አንድ ተጠራጣሪ አይጠፋም። "የቀረውን ዘርግፉት፣ የእኔ ስም መግባቱን ልይ" ይላል። ሌላ ጊዜ ባይባል እንኳ ጸሐፊው የጠረጠረ ዕለት ይባላል። አለሚቱ ጣሳው ውስጥ የቀሩትን አሥራ ሰባት ወረቀቶች ምን ልታደርጋቸው ነው? ይህን ካላሰብሽበት አጀማመሩ ያምርና ሦስተኛው ገጽ ላይ ይፈርሳል። ዕቁብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይጠይቅሻል።

የጦሳ ልጅ

አስቤበታለሁ። ጣሳውን እንደ ልማዷ ይዛ ወደ ጓዳ ልትገባና ቀሪዎቹን የቡና ከሰል ላይ ልታደርጋቸው ነው ያቀደችው። ለዚያ ብላ ቡናውን ቀድማ አቀራርባለች። ዕጣ የሚያወጣው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ስድስት ዓመቱ ነው። "አንድ አውጣ" ይባላል። እጁን ሲያወጣ ግን ሁለት ወረቀት ተጣብቆ ይመጣል። አንዱን ለጸሐፊው ይሰጠዋል፤ ሌላውን ራሱ መግለጥ ይጀምራል። ልጁ ማንበብ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ገና አልወሰንኩም።